የተማሪ ላፕቶፕ፦ ዛሬ መመረጥ ያለበት የትኛው ነው? ለነገ የሚቆየውስ?

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ለተመደበች የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ልንገዛ አብረን ወጣን። አባቷ ብሩን ሲሰጠኝ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አደራ፣ ኮር አይ ሰቨን ይሁን።» የገባንበት ሱቅ ሻጭ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልን። አንደኛው ስስና ብርማ ነው፤ «ኮር አይ ሰቨን» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ሌላው ጥቁር ነው፤ ወፈር ይላል፣ አንድ ጠርዙ ተፍቋል፣ ምልክቱም «ኮር አይ ፋይቭ» ይላል። የዋጋ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ልጅቷ ዓይኗን ከብርማው ላይ መንቀል አቃታት። አባቷም በስልክ «አይ ሰቨኑን ያዙ» አለ።

ጥቁሩን ገዛን። ለምን እንደሆነ ለሁለቱም ለማስረዳት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህም ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ወዳጆቼ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል፤ ብዙ ቤተሰብ ላፕቶፕ የሚገዛው ለወራት አጠራቅሞ ነው። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር የማያውቅ ተማሪ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ቡና የሚፈላበትን ቤት እናስብ። ቡናውን የምታፈላው ሴት ፕሮሰሰሩ ናት፤ የሥራው ሁሉ ባለቤት እሷ ነች። ፊት ለፊቷ ያለው ረከቦት ራም ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉት ሲኒዎች የሚደረደሩበት። ጓዳው ማከማቻው ነው፤ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ የሚባለው። ስኳሩ፣ ትርፍ ሲኒው፣ ያልተቆላው ቡና ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ እንግዳው ተሸኝቶ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላም እዚያው ያድራል። ከሰሉ ደግሞ ባትሪው ነው።

እንግዳ ሲበዛ ረከቦቱ ይሞላል። ያኔ ቡና አፍይዋ ለእያንዳንዱ ሲኒ እየተነሣች ወደ ጓዳ መመላለስ ትጀምራለች። ምንም ቀልጣፋ ብትሆን እንግዳው ሲጠብቅ ይውላል። ላፕቶፕ «ተጨናነቀ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው፤ ራሙ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ማከማቻው ላይ እየተመላለሰ ነው። ጓዳው ከግቢው ማዶ ከሆነ፣ ማለትም ማከማቻው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ጥበቃው ሁለት እጥፍ ይመርራል።

እንግዲህ ጓዳውን መቀየር ይቻላል፤ ረከቦቱንም ብዙ ጊዜ ማስፋት ይቻላል፤ ከሰል ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ቡና አፍይዋ ግን አትቀየርም። በዛሬዎቹ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ ከሚባለው ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው። ስክሪኑ፣ የፊደል ገበታው፣ ክብደቱ፣ ራም የሚጨመርበት ክፍት ቦታ መኖር አለመኖሩም በተግባር እንደዚያው ናቸው፤ ከገዙ በኋላ አብረዋቸው ይኖራሉ። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የምመክረው በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በኋላ ለማይቀየረው ዛሬ ይክፈሉ፤ የሚቀየረውን ለነገ ያቆዩት።

«አይ ሰቨን» ከ«አይ ፋይቭ» አይበልጥም?

ሁለቱም የፕሮሰሰር ደረጃ ስሞች ናቸው። በአንድ ዘመን ከተሠሩት መካከል፣ አዎ፣ በመጠኑ ይበልጣል። በተለያየ ዘመን ከተሠሩ ግን ምልክቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። መታየት ያለበት ትውልዱ፣ በሱቅ ቋንቋ «ጀነሬሽኑ» ነው።

ኢንቴል የተባለው አምራች የሚሠራቸው እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከስማቸው ቀጥሎ ቁጥር አላቸው። ጥቁሩ ላፕቶፕ ላይ «አይ5-8250ዩ» ይል ነበር። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ 8 ስለሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ብርማው «አይ7-6600ዩ» ነበር፤ ስድስተኛ ትውልድ። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ የሚነበቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ናቸው፤ «አይ5-1135ጂ7» አሥራ አንደኛ፣ «አይ5-1235ዩ» አሥራ ሁለተኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ኃይል ቆጣቢ ማለት ነው፤ «ኤች» ካለ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ግን ይሞቃል፣ ባትሪም ይበላል።

አሁን ሁለቱን እናወዳድር። የ2015ቱ አይ ሰቨን 2 ኮር አለው። የ2017ቱ አይ ፋይቭ 4 ኮር አለው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው፤ በምሳሌያችን ከተነጋገርን አንድ ቡና አፍይ ሴት። ብርማው ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ጥቁሩ ላይ አራት። ኢንቴል በቀላል ላፕቶፖች ላይ ከሁለት ወደ አራት ኮር የተሻገረው በዚሁ በስምንተኛው ትውልድ ስለሆነ፣ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ስምንተኛው ትልቅ ድንበር ነው።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያውን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ከዚያ በታች ባሉት ላይ በዘዴ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ይሠራልም። ሆኖም አምራቹ ኃላፊነት በማይወስድበት መንገድ የተጫነ ስለሆነ፣ የአራት ዓመት ትምህርት የሚጠብቃትን ልጅ በዚያ ላይ ማስቀመጥ አልፈለግሁም።

የሌላው ፕሮሰሰር አምራች፣ የኤኤምዲ ሥሪት የሆነው ራይዘንም ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከ3000 ጀምሮ ያለውን መፈለግ ይሻላል። ሴሌሮን የሚባለውን ግን አዲስ በካርቶን ታሽጎ ቢመጣም ለዩኒቨርሲቲ አልመክርም። አዲስ መሆኑ ብዙ ወላጆችን ያታልላል። ካርቶኑ አዲስ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ለቀላል ሥራ ብቻ ተብሎ የተሠራ ደካማ ፕሮሰሰር ነው። የተፋቀው ባለ አራት ኮር አይ ፋይቭ ብዙ ጊዜ ጥሎት ይሄዳል።

ዲፓርትመንቴን ሳላውቅ እንዴት ልምረጥ?

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ልዩ ክብደት አለው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ኮርሶች ያሳልፋሉ፤ ወደ ዲፓርትመንት የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ላፕቶፑ በሚገዛበት ቀን ተማሪዋ ሐኪም ትሁን፣ ሲቪል መሐንዲስ ትሁን፣ የሒሳብ ባለሙያ ትሁን የሚያውቅ የለም። ሆኖም ሰዎች ወደ ሱቅ የሚሄዱት ሁሉም ነገር የተወሰነ ይመስል «ለኢንጂነሪንግ የሚሆን» ብለው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የሚሠራው ጽሑፍ መጻፍ፣ ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ኢንተርኔት መፈለግ፣ ስላይድ ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ከላይ የጠቀስነው ፕሮሰሰር ከ8 ጂቢ ራም ጋር ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሕግ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ማኔጅመንት ለሚያጠና ሰው ያው ላፕቶፕ እስከ ምረቃ ይዘልቃል። ለስታቲስቲክስ፣ ለኢኮኖሚክስና ለጤና ጥናት የሚያገለግሉት ኤስፒኤስኤስና ስታታም በተማሪ ደረጃ ብዙ አይጠይቁም። አውቶካድን ለባለ ሁለት ገጽታ ሥዕል የሚጠቀም ሰው በ8 ጂቢ ይጀምራል፣ በ16 ግን እፎይ ይላል። ከባዶቹ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ሬቪትና ሌሎች የባለ ሦስት ገጽታ ሥራዎች፣ ለካርታ ሥራ የሚያገለግለው አርክጂአይኤስ፣ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ናቸው፤ እነዚህ 16 ጂቢን እንደ መነሻ ማየት ይፈልጋሉ።

ማክቡክ ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ2020 መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን) የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ማራገቢያ የለውም፣ 1.29 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ባትሪውም የተመሰገነ ነው፤ ለሕክምና ወይም ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ግሩም ዕቃ ነው። ሬቪት፣ የሕንፃ ጥንካሬ የሚሰላበት ኢታብስና አርክጂአይኤስ ፕሮ ግን ለማክ አልተሠሩም። ራሙም ሆነ ማከማቻው ተበይዶ የሚመጣ በመሆኑ በገዙበት ቀን ያለው መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው። ዲፓርትመንቷን ለማታውቅ ልጅ ይህን መግዛት የነገን ምርጫ በዛሬ ገንዘብ መዝጋት ነው።

ራም የሚጨመርበት መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ራም የሚሰካባቸው ሁለት ክፍት ቦታዎች አሏቸው፤ «ስሎት» ይባላሉ። አንዳንዶቹ ግማሹ ተበይዶ አንድ ስሎት ብቻ አላቸው። አንዳንዶቹ ሁሉም ተበይዶ ምንም የላቸውም። ከውጭ ሲያዩዋቸው አይለዩም። በአንድ ፋብሪካ ምርቶች መካከል እንኳን ልዩነት አለ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ስሎት አለው፣ ቲ480ኤስ የሚባለው ቀጠን ያለ ወንድሙ ግን ግማሹ የተበየደ ባለ አንድ ስሎት ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት!

ሱቅ ውስጥ ሳይፈቱ ማወቅ ይቻላል። ዊንዶውስ ሲከፈት «ታስክ ማኔጀር» የሚባለውን መስኮት ያስከፍቱ። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን፣ ከዚያም «ሜሞሪ» የሚለውን ይጫኑ። ከታች በስተቀኝ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል መስመር አለ። ጥቁሩ ላፕቶፕ ላይ «1 ኦፍ 2» ይል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተይዟል፣ አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ብርማው ላይ ደግሞ «ፎርም ፋክተር» ከሚለው ፊት «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ተጽፎ ነበር፤ የተደረደሩ ቺፖች፣ ማለትም የተበየደ። ሻጩ ራሱ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየና «ይሄ አይጨመርም ማለት ነው?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ አላየውም ነበር።

ስለ መጠኑ፦ 4 ጂቢ ዛሬ አይበቃም፤ ዊንዶውስና ጥቂት የኢንተርኔት ገጾች ብቻ ይሞሉታል። 8 መነሻ ነው። 16 ለአብዛኛው ተማሪ ምቹ ነው። 32 ደግሞ ለምን እንደሚፈልገው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሚገዛው ነው። ሲጨምሩ ዓይነቱ መመሳሰል አለበት፤ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። የስምንተኛው ትውልድ ላፕቶፖች በአብዛኛው ዲዲአር4 ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከጊዜው ጋር ተለውጧል። ከአውሮፓውያኑ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ጨምሯል። ምክንያቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱት ግዙፍ የኮምፒውተር ማዕከላት ምርቱን መሻማታቸው ነው፤ ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ አምራች እንዲያውም «ክሩሺያል» በሚል ስም ለግለሰቦች የሚሸጠውን ሥራ እንደሚያቆም በኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ደግሞ ማየት አለበት። 8 ጂቢ ያለውንና 16 ያለውን ተመሳሳይ ላፕቶፕ ዋጋ ይጠይቁ፤ ከዚያ አንድ ባለ 8 ጂቢ ራም ብቻውን ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ። ልዩነቱ ከራሙ ዋጋ ካነሰ 16 ያለውን መውሰድ ነው። ባዶ ስሎቱ ግን በማንኛውም ሒሳብ ዋጋ አለው።

ኤስኤስዲ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ከሁሉም ለውጦች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በደቂቃ ብዙውን ጊዜ 5,400 ዙር ይዞራል። በላዩ አንድ ክንድ እየተመላለሰ የሚፈለገውን ያነብባል። አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን የሚፈልገው ከየቦታው የተበታተኑ ሺህ ትንንሽ ፋይሎችን ነው፤ ክንዱ ሲንከራተት ጊዜው ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መለስተኛው ዓይነት በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያነብባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ከ3,000 በላይ ሊያነብ ይችላል፤ የተበታተነውን በመልቀም ረገድ ደግሞ ከሃርድ ዲስክ ጋር ለማወዳደር እንኳን ያስቸግራል። በአንድ ቤት የአምስት ደቂቃ መነሻ የነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ሲገባለት ከደቂቃ በታች ሲነሣ አይቻለሁ፤ ባለቤቷ ሌላ ኮምፒውተር የተቀየረላት መስሏት ነበር። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቀን ሙሉ ለሚንገጫገጭ ተማሪም የማይሽከረከር ነገር ይሻለዋል።

ከ256 ጂቢ ወደ 512 መሻገር ግን ያን ያህል አያስቸኩልም። 256 ለትምህርት ይበቃል፤ ፊልሙና ቪዲዮው በውጭ ዲስክ ሊቀመጥ ይችላል። ሲቀይሩ ቅርጹን ይለዩ፦ አንዱ እንደ ትንሽ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ ሌላው የማስቲካ ልጥ የሚያህል ሲሆን ኤም2 ይባላል። ኤም2 ራሱ ሁለት ዓይነት በመሆኑ አሮጌውን አስፈትቶ ይዞ መሄድ ከስህተት ያድናል። ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ 32 ወይም 64 ጂቢ ብቻ የሚይዝ የተበየደ ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ ካጋጠመዎት ይለፉት።

«ግራፊክስ 8 ጂቢ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ግራፊክስ ሥዕልና ቪዲዮን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ክፍል ነው። በአብዛኛው ላፕቶፕ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ነው፤ የራሱ ራም የለውም፣ ከዋናው ራም እየተበደረ ይሠራል። ዊንዶውስ ለዚህ ብድር የሚፈቅደው ጣሪያ የራሙን ግማሽ ያህል ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ ይህን ጣሪያ ወስዶ፣ 16 ጂቢ ራም ያለውን ላፕቶፕ «8 ጂቢ ግራፊክስ» ብሎ ያቀርበዋል። ተጨማሪ ነገር የለም፤ ያው ረከቦት ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ነው።

ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ስም ከነቁጥሩ አለው። አርክቴክቸር፣ ባለ ሦስት ገጽታ ሥራና ቪዲዮ ቅንብር ላይ ይረዳል። ለሌላው ተማሪ ክብደት፣ ሙቀትና የባትሪ ወጪ ነው።

መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ያቆየኛል?

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ያለ ቀላል ላፕቶፕ 8 ዋት ያህል ይበላል። ስለዚህ 48 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ በወረቀት ላይ 6 ሰዓት ያቆያል። ስክሪኑ ሲደምቅና ቪዲዮ ሲታይ ይህ ያጥራል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ግን ፋብሪካው እንደሠራው አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ እውነቱን የሚናገርበት መንገድ አለ፤ «ኮማንድ ፕሮምፕት» በሚባለው የትእዛዝ መስኮት «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣ ባለሙያውን ይጠይቁት። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 80 በመቶ በላይ ከሆነ ደስ ይበልዎት። ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ይከራከሩ። የእኛ ጥቁር ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከጀርባ በእጅ የሚወልቅ። የጀርባው ደክሞ ነበር፤ እሱን ብቻ በሌላ ተክተን ተገላገልን።

ሌላው መፈተሽ ያለበት በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ የሚሆን መሆኑ ነው። ብዙ ተማሪዎች በሚያድሩበት ክፍል ሶኬት ሲያጥር፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ላፕቶፕ የሚሞላ ፓወር ባንክ ነፍስ አድን ነው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ቀላል ላፕቶፕን አንድ ጊዜ ሙሉ ለመሙላት ይበቃል። ነገር ግን ፓወር ባንኩ በዩኤስቢ-ሲ 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ለስልክ ብቻ የተሠራው ላፕቶፑን ንቅንቅ አያደርገውም።

ክብደቱና ስክሪኑስ?

14 ኢንች ለተማሪ መካከለኛው መንገድ ነው። ቲ480 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ የጨዋታ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ከ3 ሊያልፍ ይችላል። ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ አስበው ይወስኑ። ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን፤ 1366 በ768 የሚሉት ገጽን ቆርጠው ስለሚያሳዩ ለንባብ ዓይን ያደክማሉ። ዘንበል አድርገው ከጎን ይዩት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ይለፉት። የሚነካ ስክሪን ለትምህርት የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

ዘመድ ከውጭ ሲልክልንስ?

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ሳይሆን «ላፕቶፕ ገዝቼላችኋለሁ» ብሎ ነው። ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ንገሩት። ክሮምቡክ እንዳይሆን፤ ርካሽ ነው፣ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አይጫኑበትም። የፊደል ገበታው የተለመደው የእንግሊዝኛ አቀማመጥ ይሁን፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ገበታዎች የአንዳንድ ፊደላት ቦታ የተለያየ ነው፣ አማርኛ ለሚጽፍ ሰውም ግራ መጋባቱ ይብሳል። የቮልቴጅ ነገር ግን አያሳስብ፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ የእኛን 220 ይችላል፣ የሚያስፈልገው የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ነው።

ከመክፈሌ በፊት የመጨረሻው ፍተሻ ምንድን ነው?

የተቆለፈ አለመሆኑ ነው። ወደ ገበያ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የውጭ ድርጅቶች ወይም ትምህርት ቤቶች ንብረት የነበሩ ናቸው። ድርጅቱ ከርቀት የሚቆጣጠርበትን መዝገብ ሳያነሣ ከተሸጠ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድርጅቱን ስም እየጠራ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ወዳጄ ይህ ደርሶበታል፤ የገዛበት ሱቅ «ሲሄድ ይሠራ ነበር» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት፤ ሲበራ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገብተው የይለፍ ቃል እንደሌለው ይዩ፤ ማክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት መውጣቱን ያረጋግጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፣ ሁሉንም ቀዳዳዎች በፍላሽ ይሞክሩ፣ ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍተው ማጠፊያው እንደማይላላ ይዩ። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም የኤስኤስዲውን ጤንነትና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራል።

የእህቴ ልጅ በ2017 ክረምት ሲቪል ምሕንድስና ደረሳት። ሐምሌ ላይ እቤት ስትመጣ አንድ ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር4 ራም ገዝተን ጠበቅናት፤ ዋጋው ገና አልተሰቀለም ነበር። የጀርባውን ባትሪ አወለቀች፣ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቪቴ ፈታች፣ ክዳኑን በጥፍሯ እየዞረች ለቀቅ አደረገችው። የውስጡን ባትሪ ሽቦ አሳየኋትና ነቀለችው። አባቷ ከጎኗ ቆሞ በስልኩ መብራት ያበራላት ነበር። ራሙን አጋድማ ወደ ባዶው ስሎት አስገባችና ወደ ታች ስትጫነው ሁለቱ ጆሮዎች ቀጭ ብለው ያዙት። ሽቦውን መልሳ ሰክታ፣ ገጥማ፣ አብርታ፣ ያንን መስኮት ከፈተች፤ «2 ኦፍ 2»።